ለዜማና ለቴአትር የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ ለማን ይገባል?

ገንዘብ የአንድ ሰው ሲሆን ባለቤቱ እንደ ወደደ ያወጣዋል፤ ቢሻው ለቤቱ፣ ቢሻው ለድግሱ፣ ቢሻው ለአዝማሪ ሽልማት ያደርገዋል፤ የሚጠይቀውም የለም። የሕዝብ ገንዘብ ግን ከብዙ ሰው እጅ በጥቂት በጥቂቱ የተሰበሰበ ስለ ሆነ፣ በወጣ ጊዜ ኹሉ «ለምን ወጣ? ለማንስ ደረሰ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። መንገድ ቢሠሩበት፣ ድልድይ ቢያቆሙበት፣ ሐኪም ቤት ቢከፍቱበት ጥያቄው ቶሎ መልስ ያገኛል። ለዜማ፣ ለጭፈራና ለቴአትር ባወጡት ጊዜ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ዜማ እንደ ድልድይ አይዳሰስም፣ እንደ እህልም በቁና አይሰፈርምና። ስለዚህ ከግምጃ ቤት ለተጫዋቾች ገንዘብ በሚሰጥበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ መስጠቱ ራሱ ይገባልን? ሁለተኛው፣ የሚገባ ከሆነ ለማን ይሰጥ? ሦስተኛው፣ የሰጠ ሰው በተቀባዩ አፍ ላይ ጌታ ይሆናልን?

በመጀመሪያ የተቃዋሚውን ቃል መስማት ያስፈልጋል። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፤ «በሩቅ ገጠር የምትኖር ባልቴት ጨውና ጨርቅ ስትገዛ ቀረጥ ትከፍላለች። ቴአትሩ ያለው በዋናው ከተማ ነው። እርስዋ ደጁን ሳታይ ትሞታለች፤ የከተማው ባለጠጋ ግን በርስዋ ገንዘብ በለሰለሰ ወንበር ተቀምጦ ይደሰታል። ይህ ከድኻ ወስዶ ለባለጠጋ መስጠት አይደለምን?» ይህ ቃል በሣቅ የሚታለፍ አይደለም፤ እውነት ያለበት ክስ ነው። ጥበብን እወዳለሁ የሚል ሰው ኹሉ አስቀድሞ ለዚህች ባልቴት የሚመልሰውን ማዘጋጀት ይገባዋል።

መልሱንም በአሳብ ብቻ ቢፈልጉት ክርክሩ ማለቂያ የለውምና፣ በሥራ የታየውን መመልከት ይሻላል። ለዚህ ነገር የሚሆን ምሳሌ በእንግሊዝ አገር ይገኛል። ስለዚያ አገር የሚነገረው ዓመት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1939 ዓ.ም. በመስከረም ወር ጦርነት በታወጀ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የአውሮፕላን ቦምብ ስለ ፈራ ቴአትር ቤቶችን ኹሉ አዘጋ። ጥቂት ቈይቶ እንዲከፈቱ ቢፈቅድም ብዙ ተጫዋች ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ሕዝቡም ማታ ማታ መብራት አጥፍቶ በጨለማ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ምክንያት በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሙዚቃንና ኪነ ጥበባትን የሚያበረታታ አንድ ምክር ቤት ተቋቋመ። የመጀመሪያውን 25,000 ፓውንድ የሰጠው መንግሥት አልነበረም፤ ኤድዋርድ ሃርክነስ የተባለ አሜሪካዊ ባለጠጋ በ1930 ዓ.ም. ባደረገው ስጦታ የቆመው ፒልግሪም ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። መንግሥትም ድርጅቱ በሰጠው ልክ ፓውንድ በፓውንድ ይጨምር ጀመር፤ በ1942 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲወጣ ሸክሙ በመንግሥት ላይ ቀረ። ስኳርና ቅቤ በራሽን መታደል የጀመሩት በዚያው በ1940 ዓ.ም. እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። ገንዘቡ የወጣው እንጀራ ተርፎ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ኦልድ ቪክ የተባለው የሎንዶን የቴአትር ማኅበር፣ ሲቢል ቶርንዳይክና ባልዋ ሉዊስ ካሰን እየመሩት፣ የሼክስፒርን ማክቤዝ ይዞ የድንጋይ ከሰል ወደሚቈፈርባቸው ወደ ዌልስ ሸለቆዎች ሄደ። ቀጥሎም ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት በአቴና ያሳየውን ሜዴያን ለእነዚያው ሠራተኞች ተጫወተላቸው። ሲመሽ ፊታቸውን ከከሰል ጥላሸት ታጥበው የመጡ ሰዎች፣ በሎንዶን ሹማምንትና ሊቃውንት የሚያዩትን ጨዋታ በመንደራቸው ተቀምጠው አዩ።

ተጫዋቾቹ የገቡበትን አዳራሽ ማን ሠራው? ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። በእነዚያ ሸለቆዎች ከነበሩት የሠራተኞች አዳራሾች ብዙዎቹ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ፔኒ በፔኒ እያዋጡ ያቆሟቸው ነበሩ። መጻሕፍት ቤት ነበረባቸው፤ የመዘምራን ማኅበርም ይሰበሰብባቸው ነበር። ከዚህ በላይ በ1920 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከየማዕድኑ በሚወጣው ከሰል ላይ ለያንዳንዱ ቶን አንዳንድ ፔኒ ለሠራተኞች በጎ ኑሮ እንዲሰበሰብ አዝዞ ነበር። እንግዲህ ከሩቅ የመጣው ጥበብ ባዶ ቤት አልገባም፤ ዜማ የሚያውቅ ሕዝብ በገዛ ላቡ በሠራው ቤት ውስጥ ነው የገባው። ምክር ቤቱም ተጫዋቾችን ከመላክ ጋራ፣ በየመንደሩና በየትንሹ ከተማ እየዞሩ የመዘምራንና የሙዚቃ ማኅበር የሚያቋቁሙ መምህራንን በደመወዝ ይልክ ነበር። እነዚህም «የሙዚቃ መንገደኞች» ይባሉ ነበር።

ዳሩ ግን በምክር ቤቱ ውስጥ ሁለት ምክር ነበረ። የዌልስ ተወላጅ የሆነውና የፒልግሪም ትረስት ባለሟል የነበረው ቶማስ ጆንስ፣ ገንዘቡ ከኹሉ በፊት ሕዝቡ ራሱ እንዲዘምርና እንዲጫወት ቢረዳ ይወድ ነበር። በ1942 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር የሆነው ዝነኛው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ግን ጥበብ በሙያው የተፈተነ ሰው ሥራ ስለ ሆነች የመንግሥት ገንዘብ ከፍ ያለውን ሥራ እንዲደግፍ ይሻ ነበር። ኬይንስ በ1945 ዓ.ም. በራዲዮ ሲናገር፣ ጥበበኛ በትእዛዝ የሚሄድ ሰው እንዳልሆነና እያንዳንዱ አውራጃ በራሱ መንገድ ቢደሰት መልካም እንደሚሆን አስረዳ። ራሱ በሚያዝያ ወር 1946 ዓ.ም. ሞተ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ምክር ቤቱ በንጉሡ ቻርተር ጸንቶ የታላቋ ብሪታንያ የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ተባለ።

ነገር ግን ቃልና ሥራ አንድ መንገድ አልሄዱም። በጦርነቱ ዘመን የዳንስ አዳራሽ ሆኖ የነበረው የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት በየካቲት 1946 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ፤ ከምክር ቤቱም ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ይወስድ ጀመር። ለሕዝቡ ማኅበራት ይሰጥ የነበረው ርዳታ አነሰ። በ1951 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባወጣው መግለጫ፣ ጥበብን ከፍ በማድረግና በየስፍራው በማዳረስ መካከል መምረጥ ግድ ከሆነ ከፍ ማድረጉ እንደሚቀድም አስታወቀ፤ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስም በየአውራጃው የነበሩትን መሥሪያ ቤቶቹን ኹሉ ዘጋ።

ይህን ያደረጉ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ክርክራቸውም እንዲህ ነበር፤ «ጥቂት ዘይት በብዙ ኩራዝ ቢከፋፍሉት ኹሉም ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል፤ በአንድ መብራት ላይ ቢያፈሱት ግን ቢያንስ አንድ ቤት ይበራል። አንድ ጊዜ የተበላሸ ጥበብ ለማንም አይደርስም፤ ለገጠሩም የሚላከው ነገር ይጠፋል።» ይህ እውነት ነው። ምንጩ ቢደርቅ ቦዩን ማበጀት ከንቱ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር አንድ ነገር ይዘነጋል። ምንጩ ቢሞላም ቦይ ከሌለው እርሻው አይጠጣም፤ ቀረጥ የሚከፍለው ደግሞ ባለ እርሻው ነው። «ዛሬ ከፍ እናድርግ፤ ነገ እናዳርሳለን» የሚል ሰው ነገውን ካልወሰነ፣ ባልቴቲቱን ዕዳዋን እየተቀበለ ድርሻዋን ይከለክላታል።

አውራጃዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ከሚሰበስቡት የቤትና የቦታ ግብር በፓውንድ እስከ ስድስት ፔኒ የሚደርስ ለቴአትር፣ ለሙዚቃና ለመሰለው ጨዋታ እንዲያወጡ ፈቅዶላቸው ነበር። አብዛኞቹ ከተፈቀደላቸው እጅግ ያነሰ ነበር ያወጡት፤ ሕግ እጅን ይፈታል እንጂ ልብን አያስገድድምና። ነገር ግን የዋናው ምክር ቤት መሥሪያ ቤቶች በተዘጉበት በ1956 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ አውራጃዎች የራሳቸውን የኪነ ጥበባት ማኅበር አቆሙ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ከተሞች መዋጮአቸውን አንድ አድርገው የነሱን አቋቋሙ። በ1964 ዓ.ም. የኪነ ጥበባት ሚኒስትር ሆና የተሾመችው ጄኒ ሊ፣ የስኮትላንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበረች። በ1965 ዓ.ም. ባወጣችው የመንግሥት መግለጫ ጥበብ በዋና ከተማ ብቻ እንዳይወሰንና አውራጃዎች እንዲረዱ አሳሰበች።

ከዚህ ታሪክ ለሦስቱ ጥያቄዎች ምን መልስ ይገኛል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ብዙ ሰዎች «ዜማ ሠራተኛውን ያበረታዋል፤ የበረታ ሠራተኛ ብዙ ከሰል ያወጣል» ብለው ይመልሳሉ። የጦርነቱ ዘመን መንግሥትም በከፊል እንዲህ ብሎ ነበር የሰጠው። ነገር ግን ይህ መልስ ሰውን ያዋርዳል። ለሚያርስ በሬ ጭድ የሚሰጡት እንዲያርስ ነው፤ ማረስ ሲያቅተው ጭዱ ይቀርበታል። ለሰው ዜማ የሚሰጠው ከሰል እንዲቈፍር ብቻ ከሆነ፣ ያረጀውና የታመመው ድርሻ የላቸውም። ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ነው። ሰው ኀዘኑንና ደስታውን፣ ፍርሀቱንና ተስፋውን በሥርዓት ተገልጦ ሲያየው ራሱን ያውቃል፤ ጎረቤቱንም ያውቃል። ይህም ዕውቀት እንደ ፊደል ለሰው ኹሉ የሚገባ ነው። ለፊደል ከጋራ ገንዘብ ማውጣት ፍርድ ከሆነ፣ ለዚህም በልኩ ማውጣት ፍርድ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ የዞሩ ተጫዋቾች ይቅደሙ ወይስ የመንደሩ ማኅበር? የቅኔ ቤት ሥርዓት ለዚህ ይፈርዳል። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ነገር ግን ሰምቶ ብቻ አይቀርም። ጉባኤ ቃና ከመቍጠር ጀምሮ የራሱን ቅኔ በየቀኑ አስቦ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ይቈጥራል። መስማት ብቻ ቢሆን አድናቂ ይሆናል እንጂ ባለቅኔ አይሆንም። ሳይሰማ ቢቈጥር ደግሞ የሚለካበት ስለሌለው በስሕተቱ ላይ ይጸናል። እንደዚሁ መንደር የሩቁን ሊቅ ሥራ ካላየ ባለው ይረካል፤ የራሱን ካልሠራ ደግሞ ለዘለዓለም እንግዳ ተመልካች ሆኖ ይኖራል። የዌልስ ሸለቆ ማክቤዝን በሚገባ የተቀበለው አስቀድሞ መዘምራንና መጻሕፍት ቤት ስለ ነበረው ነው።

«ገንዘቡ ለሁለቱ ባይበቃስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል። ለዚህ አንድ መለኪያ አለ። የከተማው ቴአትር በደጁ ባለጠጋ አለው፤ ከመግቢያ ዋጋም ከለጋስ ሰውም ጥቂት ያገኛል። የገጠሩ አዳራሽ ግን ደጁን ቢያሰፋ የሚገባው ያው ድኻ ነው። ስለዚህ የጋራ ገንዘብ አስቀድሞ መሄድ ያለበት የደጁ ገቢ ሊሸከመው ወደማይችለው ስፍራ ነው። ይህ ፍርድ ዋጋ አለው፤ የከተማው ቤት አንዳንድ ዓመት መጋረጃው ያረጃል፤ ትልቅ ያሰበውንም በትንሽ ይሠራል። ነገር ግን የመጋረጃ ማርጀት ይታደሳል፤ በመንደር ውስጥ የዘፈን አዋቂ ሽማግሌ ደቀ መዝሙር ሳይተካ ቢሞት ግን የሚታደስ ነገር የለም።

ለሦስተኛው ጥያቄ፣ የእንግሊዙ ሥርዓት ገንዘቡን ሚኒስትሩ እንዲሰጥ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚረዳ ግን ምክር ቤቱ እንዲወስን አደረገ። መልካም አጥር ነው፤ ሆኖም የምክር ቤቱን አባሎች የሚሾሙት ሚኒስትሮች ስለ ሆኑ አጥሩ በር ነበረው። ከዚህ የሚሻለውን ጥበቃ የቈሎ ተማሪ ያስተምራል። ተማሪው ከብዙ ደጅ ቁራሽ ይለምናል፤ የሰጠው ባላገርም «ዛሬ ምን ቈጠርህ?» ብሎ አይመረምረውም። ከአንድ ቤት ብቻ ቢበላ ኖሮ ቅኔው ኹሉ የዚያ ቤት ጌታ ውዳሴ በሆነ ነበር። አዝማሪም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጌታ ሲያበላው ያንን ጌታ ያወድሳል፤ በሠርግ ቤት ኹሉ ሲሸልመው ግን ጌታውንም ደፍሮ ይሸነቍጣል። እንግዲህ የጥበበኛን አፍ ነጻ የሚያደርገው የሰጪዎች ብዛት ነው። ከዋናው ግምጃ ቤት፣ ከአውራጃው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከበጎ አድራጊውና ከተመልካቹ ኪስ በጥቂት በጥቂቱ የሚያገኝ ማኅበር፣ አንዱ ቢቈጣው በሌላው ይቆማል። የአውራጃ ገንዘብ ጥቅሙ ከዋና ከተማ የጎደለውን መሙላት ብቻ አይደለም፤ አንደበት በአንድ ገመድ እንዳይታሰርም ይጠብቃል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ91ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት ባህሎች በእኩልነት እንዲጐለብቱ እንዲረዳ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ያዝዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ሁለት መንገድ አለው። ለመስጠት ለማይወድ ሹም መሸሸጊያ ይሆነዋል፤ ለሚወድ ሹም ደግሞ መስፈሪያ ይሆነዋል። አቅም ማነሱ በእውነት የሚታወቀው ያለው ጥቂት ገንዘብ በቅን በተከፈለ ጊዜ ነው። ሳይከፈል «የለም» ማለት ግን የአቅም ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የፈቃድ ጉዳይ ይሆናል፤ ይህንንም አስተዋይ አንባቢ ይፈርደዋል።