ዜግነት ገበያ ሲወጣ ነጃሺን እናስታውስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ኮሞሮስ በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኝ የሙስሊሞች ደሴት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ገንዘብ ላፈሰሰ ዜግነት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች መንግሥትም ከፍሎ፣ በምድሩ ተወልደው አገር አልባ ለሆኑ «ቢዱን» ወገኖች የኮሞሮስን ፓስፖርት ገዛላቸው። አብዛኞቹ ኮሞሮስን ረግጠው አያውቁም፤ በተወለዱበት ምድር ግን በወረቀት የውጭ ዜጋ ሆኑ። ሕጉ ሲወጣ ፕሬዚዳንት የነበሩት አሕመድ አብደላህ ሳምቢ በዚሁ የፓስፖርት ሽያጭ በ2022 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ለልጆቹ መጠጊያ የሚሻን ሰው እኔ አልወቅስም፤ ሂጅራ የዲናችን ታሪክ ነው። ወቀሳዬ በሩን በዋጋ በሚከፍተው ላይ ነው። ቁረይሾች ሶሐቦችን አሳልፎ እንዲሰጣቸው ለነጃሺ ገጸ በረከት ይዘው ሐበሻ መጥተው ነበር። እርሱ ግን ስደተኞቹን ጠርቶ አዳመጠ፤ ገጸ በረከቱን መለሰ፤ ከተጠጉትም ዋጋ አልጠየቀም። ዛሬ ባለጠጋው ሁለተኛ ፓስፖርት ሲገዛ፣ ምንም የሌለው ደጅ ይቀራል።

የተጠጋን ሰው ማስጠለል አማና ነው፤ አማና ደግሞ አይሸጥም። አላህ (ሱ.ወ) የነጃሺን ፍትሕ ለመሪዎች ሁሉ ያድል። አሚን!