ሳይጠይቁ ስለ መውሰድ

ለብዙዎች የሚጠቅም ነገር ከአንድ ሰው ላይ ያለ ፈቃዱ ቢወሰድ በደል ነውን? ጥያቄው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሁሉም ፈጥኖ «አዎን፥ በደል ነው» ይላልና። ነገር ግን የሚወሰደው አንድ ጠብታ ደም ቢሆን፥ በእርሱም ምክንያት ሺህ ሕሙማን የሚፈወሱ ቢሆን፥ መልሳችን እንደ ፊተኛው ፈጣን አይሆንም። የሩቅ አገር ዩኒቨርስቲዎችና የአገራችን ዩኒቨርስቲዎች ተባብረው የሕዝብን ጤና በሚመረምሩበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ከሊቃውንት አዳራሽ ወጥቶ ወደ ገበሬው ደጃፍ መጥቷል።

በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ይገኛል። ይህን ተቋም በ1970 (እዚህ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከበርገን ዩኒቨርስቲ ጋር ተባብረው መሠረቱት፤ ከ2004 ጀምሮ ግን በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ነው። ስሙ የተሰየመበት ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ተሕዋስ ያየ ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። ከእነርሱም ዋነኛው የሐንሰን አማት ዳንኤልሰን ነበር። ይህ ሽማግሌ አንድ ነገር ሊመሰገንበት ይገባል፤ የበሽተኛን ቁስል ፈሳሽ በገዛ ሰውነቱም ላይ ከትቦ ውጤቱን ጠብቋልና። አልታመመም፤ አሳቡም ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ከአደጋው ራሱን አላገለለም።

ሐንሰን ተሕዋሱን ቢያይም፥ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ሊያስረዳ አልቻለም፤ በእንስሳት ላይ ያደረገው ሙከራ አልሠምር አለው። ስለዚህ በኅዳር ወር 1879 በሆስፒታሉ ትኖር የነበረችን አንዲት የ33 ዓመት በሽተኛ አስጠራ። ከሌላ ሕመምተኛ እባጭ የወሰደውን ነገር የዐይን ሞራ በሚገፈፍበት ቢላዋ ጫፍ አድርጎ ዐይንዋን ጫረ። ለምን እንደሚያደርገው አልነገራትም፤ ፈቃድዋንም አልጠየቀም። ሴቲቱ ሕመምዋን ለሆስፒታሉ ቄስ ነገረች፤ ቄሱም ነገሩን ሳይሸፍን ለባለ ሥልጣኖች አስታወቀ። በግንቦት 1880 የበርገን ፍርድ ቤት ሐንሰንን ከሆስፒታሉ ሹመቱ ሻረው። በአገሩ ሁሉ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነካም።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የሰጠው ምክንያት ነው። ያልጠየቃት፥ ነገሩን እርሱ በሚያይበት ዐይን አታየውም ብሎ በማሰቡ ነበር። ይህ ማለት እምቢ እንደምትል አውቋል ማለት ነው። እንግዲህ ዝም ያለው ስለ ዘነጋ ወይም ስለ ቸኰለ አይደለም፤ መልስዋን አስቀድሞ በልቡ ሰምቶ ስለ ሻረው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜውን ሁሉ ለሕሙማን የሠራ ነበር። ነገሩን አስጨናቂ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሌባ ሳይጠይቅ ቢወስድ ምን ይገርማል? በጎ ሰው ስለ በጎነቱ ብሎ ሳይጠይቅ ሲወስድ ግን በደሉን በደል ብሎ የሚጠራው ሰው አይገኝም።

በዚያው በ1879 በሐንሰን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ደረሰበት። አልበርት ናይሰር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሐንሰን በእንግድነት ተቀበለው፤ ከሕሙማኑ የተወሰደውንም ናሙና በቸርነት ሰጠው። ናይሰር ወደ አገሩ ወደ ብሬስላው ተመልሶ ናሙናውን በተሻለ ቀለም ነክሮ ተሕዋሱን አጥርቶ አሳየና ግኝቱን የራሱ አድርጎ አሳተመ። ሐንሰን መብቱን ለማስከበር ብዙ መጻፍ ግድ ሆነበት። በርገን በዚያን ጊዜ ከታላላቆቹ ዩኒቨርስቲዎች የራቀች ከተማ ነበረች፤ ናሙና ከእርስዋ ይወጣል፥ ክብር ግን ሌላ ስፍራ ይወለዳል። ዛሬ በአፍሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የሚያሰሙት ቅሬታ ይህንኑ ይመስላል። ተቈርቋሪዎቹ ሊቃውንት ግን ስለ ስማቸውና ስለ ድርሻቸው ሲከራከሩ፥ ናሙናው ከማን ገላ እንደ ተቈረጠ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሐንሰን የተወሰደበትን አወቀ፤ የወሰደባትን ግን ፍርድ ቤት ነበር ያሳየው።

ናይሰርም ቢሆን አላመለጠም። በ1892 የቂጥኝ ሕሙማንን የደም ውሃ በሌላ በሽታ ታመው ለሕክምና በመጡ ሴቶች ላይ ሳያስረዳቸው ወጋ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ኋላ ቂጥኝ ያዛቸው። በ1900 በገንዘብ ተቀጣ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የፕሩሲያ መንግሥት ለሕክምና ያልሆነ ሙከራ በሚገባ ላልተረዳና ላልፈቀደ ሰው እንዳይደረግ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙን ያስወጣው የሊቃውንቱ ርኅራኄ ሳይሆን የተበደሉት ሴቶች ጉዳይ ያስነሣው ጩኸት ነው።

ምርምርን የሚጠላ ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ለራሱ ምስክር አያድርገው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ከታከሙ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የተገኘው ማስረጃ፥ ተሕዋሱ ዳፕሶን የሚባለውን መድኃኒት እየለመደና እየተቋቋመ መምጣቱን ካሳዩት አንዱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሕሙማን አንድ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ብዙ መድኃኒት በአንድነት እንዲወስዱ የመከረው ይህን ከመሰለው ማስረጃ ተነሥቶ ነው። በዚህም ሕክምና በዓለም ላይ የዳነው ሕዝብ ሚሊዮኖች ነው። እነዚያ ከቈዳቸው የሰጡ ሰዎች ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ ስጦታቸው ግን ታላቅ ነበር። ስጦታ የሚባለው ግን እምቢ ማለት የሚችል ሰው የሰጠው ነው።

ይህን በሚገባ ለማድረግ የሞከሩም አሉ። በደጋችን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ ያብጥበታል፤ ዝሆኔ ይሉታል። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ባደረገው ጥናት ምክንያቱ ከአፈሩ ወደ ቈዳ የሚገባው ደቃቅ ነገር መሆኑን አመለከተ። ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች፥ አንዱ ታሞ ጎረቤቱ ለምን እንደሚተርፍ ለማወቅ በወላይታ የዘር ምርመራ አሰቡ። ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ግን ሕዝቡ እንዴት መጠየቅ እንደሚወድና ምን እንደሚፈራ ጠየቁ። ሕዝቡም «በዘር ነው ከተባለ ነውራችን ይብሳል» የሚል ሥጋት እንዳለበት ተገነዘቡ። ልጁን የሚድር ሰው ይህን ቢፈራ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ማስረጃውን ለውጠው፥ ጫማ የሚያደርግና እግሩን የሚታጠብ ሰው ሊጠበቅ እንደሚችል አብረው አስተማሩ። በምሥራቅ ጎጃምም 696 ሕሙማን በተካፈሉበት፥ በ2018 በታተመ ጥናት፥ እግርን መታጠብ፥ ቅባት፥ ፋሻና ጫማ የሕመሙን ግርሻ እንደሚቀንስ ታወቀ። እኩሌቶቹ ሕክምናውን ወዲያው አገኙ፤ እኩሌቶቹ አንድ ዓመት ጠበቁ፥ ከዚያ ግን ለእነርሱም እንዲደርስ ተደረገ። ዓመቱን ሙሉ እግሩ እያበጠ መጠበቅ ቀላል ነገር ነው አልልም። ሆኖም የሚጠብቀውን ነገር ዐውቆ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ነው።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው የሚጠየቀው ሰው በጠያቂው እጅ ሲኖር ነው። የበርገንዋ ሴት ሆስፒታሉ ቤትዋም እንጀራዋም ነበር። በ1991 ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው፥ በኬንያ በሞያሌ አውራጃ በምትገኘው በዋልዳ በስደተኞች ሰፈር ኖረዋል፤ ስንዴውም ውሃውም መድኃኒቱም በሌላ ሰው እጅ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የራሽን ካርድ የሚያድለውን የመሰለ ሰው መዝገብ ይዞ መጥቶ «ጥቂት ደም ትሰጣለህን?» ቢል፥ የትኛው የልጆች አባት እምቢ ይላል? አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ ወረቀቱም «ፈቀደ» ይላል። ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የሆነውን እያሰበ መቈጠርን የሚፈራ ሽማግሌ እንኳ በዚያ ሰልፍ ዝም ብሎ ይቆማል።

በየመንደሩ ተመራማሪ ሲመጣ ሕዝቡን ሰብስቡልን ብሎ የሚለምነው የቀበሌውን ሹምና የማኅበረ ምእመናኑን ሽማግሌዎች ነው። ሕዝቡም የሚያምነው ወረቀቱን ሳይሆን እነርሱን ነው፤ «ፈርሙ፥ ይጠቅማችኋል» ካሉ የእምቢታው በር እዚያው ተዘጋ። እንግዲህ ሽማግሌው ደወሉን ከመደወሉ በፊት እንግዳውን ለብቻው ጠርቶ ይህን ይጠይቀው፦ ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ አልሰጥም ብትል ነገ ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጣ ማን ይቀበላታል? ውጤቱስ በታወቀ ጊዜ ማን ተመልሶ መጥቶ በቋንቋዋ ይነግራታል?