የራሾሞን ምስክሮች

የጃፓኑ የፊልም አዘጋጅ አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 ለተመልካች ያቀረበው «ራሾሞን» በተከታዩ ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል የወርቅ አንበሳ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ እርስ በርሱ ለሚጋጭ ምስክርነት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ፊልሙን ያላዩ ሰዎች ሳይቀሩ፣ እውነት እንደ ተናጋሪው ነው ለሚል አስተሳሰብ ዋቢ አድርገው ይጠቅሱታል። ይህ አተረጓጎም ግን ሥራውን በእጅጉ ያሳንሰዋል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ጦርነት፣ ረሃብና ቸነፈር በተፈራረቁበት የጥንት ዘመን፣ በኪዮቶ ነው። አንድ እንጨት ቆራጭ፣ አንድ መነኩሴና አንድ መንገደኛ ከዶፍ ዝናብ ሸሽተው በፈራረሰው የከተማ በር ሥር ተጠልለዋል፤ ወሬያቸውም በችሎት የተሰማው ጉዳይ ነው። በጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሚስቱም ተደፍራለች። ዳኛው በፊልሙ ውስጥ ከቶ አይታይም። ምስክሮቹ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረው ስለሚናገሩ፣ በዳኛው ወንበር የሚቀመጠው ተመልካቹ ነው።

የሚያስደንቀው የቃላቸው መለያየት አይደለም። ችሎት ፊት የቀረበ ሰው ጥፋቱን በሌላው ላይ መጣሉ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ሽፍታው ታጆማሩ ገዳዩ እኔ ነኝ ይላል። ሚስቲቱ ጩቤ እንደ ጨበጠች ራሷን ስታ፣ ስትነቃ በባሏ ደረት ተሰክቶ እንዳገኘችው ትናገራለች። ሟቹ ደግሞ በመናፍስት ጠሪ አፍ ራሱን በራሱ እንደ ገደለ ይመሰክራል። ከቅጣት ለማምለጥ የዋሸ የለም። የሚሸሹት ውርደትን ነው። ሽፍታው ከሳሙራዩ ጋር 23 ጊዜ ሰይፍ ለሰይፍ መግጠሙን በኩራት ይተርካል፤ እንጨት ቆራጩ አየሁ የሚለው ግጥሚያ ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እየወደቁና እያለከለኩ የተደባደቡ የሁለት ፈሪዎች ትግል ነው። ሰው ነፍሰ ገዳይ መባልን ፈሪ ከመባል ያስቀድማል ማለት ነው። ሙታንም ስለ ክብራቸው ሲሉ ይዋሻሉ ብሎ ማመን ለመነኩሴው እጅግ የከበደው ስለዚህ ነው።

የፊልሙ ምንጭ የሆነው የአኩታጋዋ ሪዩኖሱኬ አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1922 የታተመ ሲሆን፣ የሚያበቃው በሟቹ ቃል ነው። ድርጊቱን በዓይኑ ያየ ምስክር የጨመሩት ኩሮሳዋና የጽሑፉ ተባባሪ ሺኖቡ ሃሺሞቶ ናቸው። ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ በጫካው ውስጥ የሆነ ነገር ሆኗል፣ ያየውም ሰው አለ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ይህም ምስክር ንጹሕ አይደለም። በችሎት ፊት ያየውን ሸሽጓል፤ በዕንቁ ያጌጠውን ጩቤ ሳይወስድ እንዳልቀረ መንገደኛው ነቅቶበታል። ሦስቱ ለክብራቸው ሲዋሹ፣ የስድስት ልጆች አባት የሆነው ድኻ የዋሸው ለዕለት ጉርሱ ይመስላል። ድህነቱ ውሸቱን እውነት ባያደርገውም ከሳሙራዩ ትዕቢት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መንገደኛው ግን ከዚህ ሁሉ ያወጣው ትርጉም ሌላ ነው። ሁሉም ይዋሻል፣ ሁሉም ለራሱ ነው ብሎ፣ በሩ ሥር ተጥሎ የተገኘውን ሕፃን ልብስ ገፍፎ ይሄዳል። የሰውን ድካም ማወቁ ለዝርፊያ ፈቃድ ሆነለት። እንጨት ቆራጩ ሕፃኑን ለመውሰድ እጁን ሲዘረጋ፣ መነኩሴው ሊገፍፈው መስሎት ይከለክለዋል። ለስድስት ልጅ ሰባተኛ ቢጨመር ልዩነት የለውም ብሎ ሲመልስለት ግን አፍሮ ያስረክበዋል። ይህን ፍጻሜ የግድ የተለጠፈ ማጽናኛ ነው ብለው የነቀፉ ሐያስያን አሉ። ነቀፋቸው ግማሽ እውነት አለው፤ ዝናቡ የሚያባራበት ጊዜ ከመጠን በላይ የተመቸ ነው። ቢሆንም ሰውዬው ሕፃኑን ታቅፎ ሲሄድ ከበደሉ ነጽቶ አይደለም፤ ጩቤው የት እንደ ደረሰ ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይናገርም።