ያልተወለደ ሰው አፉ አይልም



ወንድሞችና እህቶች፣ የአላህን ሐቅ ያጓደለ ሰው የተውበት በር ክፍት ነው። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱን አፉ ማስባል ይፈልጋል። ሐቁ የተነካው ሰው ገና ያልተወለደ ቢሆንስ? ማንን ልንለምን ነው?

ክረምት ላይ ከጮቄ የሚወርዱትን ወንዞች እዩ። ያ ድፍርስ ውሃ የጎጃም ማሳ ነው፤ ዓባይ ይዞት ይሄዳል። የሄደ አፈር ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።

ሕግ አውጪውም ይህን አይቶ ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ከለከለ። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የፈቀደው የጠረጴዛ እርከን ከተሠራ ብቻ ነው። አዋጁ በ2016 በሌላ ቢተካም ቁም ነገሩ አላረጀም።

«ድሃው ገበሬ ዛሬ ምን ይብላ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፣ ጉልበት ይበላል፣ ጥቅሙም ይዘገያል። ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ ላይ በ1978 የተሠራው እርከን ተዳፋቱን ወደ ደረጃ የለወጠው በብዙ ዓመት ነው። ሸክሙን ለባለ ተዳፋቱ ብቻ ጥለን «ሕግ አክብር» ብንለው ፍትሕ አይሆንም።

እኛ ከተሜዎቹስ? ደብረ ማርቆስ ዳር ጤፍ የሚበቅልበትን ሜዳ በድብቅ ውል ገዝተን፣ አጥረን፣ ዋጋው እስኪጨምር የምናስቀምጠው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ይናገራል። ገበሬው ቸግሮት ሸጠ እንበል፤ እኛን ምን አስገደደን? ሸሪዓችን ለተቸገረ ያገራል፣ ስስትን ግን ዑዝር አያደርግም።

ዑመር ኢብን አል-ኸጧብን (ረ.ዐ) አስታውሱ። የኢራቅ ለም መሬት በሙስሊሞች እጅ ሲገባ ለተዋጊዎቹ ይከፋፈል ተባለ። እሳቸው ከኋላ የሚመጡት ምን ሊቀርላቸው ነው ብለው እምቢ አሉ። መሬቱን ለነባር አራሾቹ ትተው ግብሩ ለመጪውም ትውልድ እንዲተርፍ አደረጉ። በሸንጎው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ሐቅ ተጠበቀ።

ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ በበጋው የተፋሰስ ሥራ ለአባቶቻችሁ ጉልበት ሁኑ። ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት መሬቱ ትናንት ምን ያበቅል እንደነበር ጠይቁ። አፉ የሚለን በሌለበት፣ የሚያዋጣን ሐቁን አስቀድሞ አለመንካት ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ።