ፊሽካው ሳይነፋ

የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የማያውቅ ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። ከእርሱ በታች ስላለው ስለ ሁለተኛው እርከን፣ ስለ ቻምፒዮንሺፕ ግን ብዙ አይወራም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018/19 የውድድር ዘመን በዚህ ሊግ የተፈጸሙ ጥቂት ነገሮች ከኳስ ያለፈ ጥያቄ ያነሣሉ። ሕግ ያልከለከለውን፣ ዳኛም ያጸደቀውን ጥቅም መመለስ ይገባልን? የመለሰው ሰውስ ያደረገው ልግስና ነው ወይስ ዕዳውን መክፈል?

አስቀድመን ውድድሩን እንወቅ። በቻምፒዮንሺፕ 24 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት 46 ጨዋታ ያደርጋል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያድጋሉ። በዚያ የውድድር ዘመን ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት አራቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጋጠሙና አንዱ ብቻ ያልፍ ነበር፤ የመጨረሻው ፍልሚያ የሚደረገው በዌምብሌይ ነው። ማደግ ለክለቡ ብዙ ገንዘብ፣ ለተጫዋቹ ስም፣ ለከተማው ደስታ ነው። ሊድስ ዩናይትድ በ2004 ከፕሪሚየር ሊግ ከወረደ ወዲህ አልተመለሰም ነበር። በ2018 አርጀንቲናዊው ማርሴሎ ቢዬልሳ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የደጋፊው ተስፋ እንደገና ለመለመ።

ኤፕሪል 28 ቀን 2019 ሊድስ በሜዳው በኤላንድ ሮድ አስቶን ቪላን አስተናገደ። ለውድድሩ መዝጊያ የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ነበሩ፤ አንዱ ይህ ነው። እስከ 72ኛው ደቂቃ ድረስ ግብ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የቪላው አጥቂ ጆናታን ኮጂያ ተጎድቶ ወደቀ። የሊድሱ ታይለር ሮበርትስ ኳሷን ይዞ ዝግ አለ፤ ወደ ውጪ ሊያወጣት ያሰበ መሰለ። ይህን ያዩ የቪላ ተጫዋቾች ቆሙ። ሮበርትስ ግን ኳሷን በመስመሩ በኩል ወደ ፊት ላካት፤ ማቴዎሽ ክሊችም ተቀብሎ መረብ ውስጥ አገባት። ዳኛው አጸደቀ። ወዲያው በሜዳው ላይ ግርግር ተነሣ፤ ተጫዋቾች ተያያዙ፣ አሰልጣኞችም በመስመር ዳር ተጨቃጨቁ።

ከግርግሩ በኋላ ቢዬልሳ ተጫዋቾቹ ሳይከላከሉ ቪላ ግብ እንዲያስቆጥር እንዲፈቅዱ አዘዘ። የቪላው አልበርት አዶማህ ኳሷን ይዞ በቆሙት መካከል ወደ ግቡ ሄደ። ሊያስቆመው የሞከረው ተከላካዩ ፖንቱስ ያንሰን ብቻ ነበር፤ እርሱም አልደረሰበትም። በ77ኛው ደቂቃ ውጤቱ 1 ለ 1 ሆነ፤ ጨዋታውም እንዲሁ ተጠናቀቀ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሕግ ይነሣል። በእግር ኳስ ሕግ ተጫዋች ክፉኛ ከተጎዳ ጨዋታውን የሚያስቆመው ዳኛው ነው፤ ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ኳሷ ከሜዳ እስክትወጣ ጨዋታው ይቀጥላል። የተጋጣሚ ቡድን ኳሷን ወደ ውጪ እንዲያወጣ የሚያስገድድ አንቀጽ የለም። ስለዚህ «ሊድስ ምን አጠፋ? ቪላዎች ፊሽካ ሳይሰሙ ለምን ቆሙ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልጆችን የሚያሠለጥን ሁሉ የሚያስተምረው ይህንኑ አይደለምን? ፊሽካ ሳይነፋ አትቁም!

ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ለማን የተሰጠ ምክር እንደ ሆነ ልብ እንበል። ምክሩ የተሰጠው ጉዳት እንዳያገኘው መጠንቀቅ ለሚገባው ነው። «በርህን ቆልፍ» ማለት ለባለቤቱ ጥሩ ምክር ነው፤ በሩ ስላልተቆለፈ ግን የገባው ሌባ ንጹሕ አይሆንም። የቪላ ተጫዋቾች የቆሙት ደክመው ወይም ተበልጠው አልነበረም። የቆሙት በተጋጣሚያቸው ስለታመኑ ነው። በመካከላቸው ያልተጻፈ ቃል ኪዳን ነበር፤ የሮበርትስ ዝግ ማለትም ያንን ቃል ኪዳን የሚያጸና ምልክት ሆኖ ታያቸው። ሮበርትስ በልቡ ምን እንዳሰበ ለመፍረድ አንችልም፤ ምናልባት በቅጽበት ሐሳቡ ተለውጦ ይሆናል። የተገኘው ጥቅም ግን ከሌላው መታመን የተገኘ ነው። ለሰላምታ እጁን የዘረጋን ሰው ኪሱን መበርበር በጉልበት ማሸነፍ አይባልም።

ለመመለስ ክፉ ሐሳብ መኖሩ ግዴታ አለመሆኑን ሌላ ታሪክ ያሳየናል። በፌብሩዋሪ 1999 አርሰናል በኤፍ ኤ ካፕ ሼፊልድ ዩናይትድን ገጠመ። ሼፊልዶች ለተጎዳ ጓደኛቸው ብለው ኳሷን አወጡ፤ አርሰናሎች መልሰው ሊሰጧቸው ሲወረውሯት ለክለቡ ገና መጫወት የጀመረው ናይጄሪያዊው ንዋንኮ ካኑ ወሰዳትና አሻገራት፤ ማርክ ኦቨርማርስም አገባ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። አሰልጣኙ አርሴን ቬንገር ግን ጨዋታው እንዲደገም ራሱ ጠየቀ፤ ተደገመም። አርሰናል በድጋሚውም 2 ለ 1 አሸነፈ። የመጀመሪያው ድልና የሁለተኛው ድል በቁጥር አንድ ናቸው፤ ሁለተኛውን ግን ሼፊልዶችም አሜን ብለው ሊቀበሉት ይችላሉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ላለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ያንሰን አዶማህን ሊያስቆም የሮጠበት ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ግቡ የቢዬልሳ ብቻ ነበርን? ዓመቱን ሙሉ የሮጡት ተጫዋቾች ናቸው። በብርድና በዝናብ የተከተሏቸው ደጋፊዎች ናቸው። አንድ መሪ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ቢሰጥ ለጋስ ይባላል፤ ከተከታዮቹ ኪስ አውጥቶ ለሌላ ቢሰጥ ግን ምን ይባላል? በቤተ ሰብም፣ በማኅበርም፣ በመሥሪያ ቤትም የሌሎችን ድካም እየሰጡ መልካም ስም የሚያተርፉ ሰዎች አሉ። የያንሰን ሩጫ ይህን ጥያቄ ይዟል።

መልሱ የሚገኘው ስጦታንና መመለስን ስንለይ ነው። ዘኬዎስን እናስታውስ። የቀራጮች አለቃ የነበረው ይህ ሰው ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የተናገረው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ ያታለላቸው ካሉም አራት እጥፍ ሊመልስ። ለድሆቹ የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ ለተታለሉት የሚከፍለው ግን ስጦታ ሊባል አይችልም፤ ቀድሞውንም የእርሱ አልነበረምና። ስጦታ ለመስጠት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በእጃችን የተገኘ የሰው ንብረት ለመመለስ ግን ቤተ ሰቡ በሙሉ ድምፅ እስኪሰጥበት አይጠበቅም። የኤላንድ ሮዱ ግብ ስጦታ ቢሆን ኖሮ ያንሰን ትክክል በሆነ ነበር። መመለስ ከሆነ ግን ተጫዋቾቹና ደጋፊዎቹ የራሳቸው የሆነ ነገር አልተወሰደባቸውም። ቢዬልሳም በልግስናው ሊመሰገን አይገባውም፤ የሚመሰገነው ዕዳውን ዕዳ ብሎ በመጥራቱ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን እንዳናጋንን እንጠንቀቅ። አንዳንዶች ሊድስ በዚያ ግብ ምክንያት ከማደግ እንደ ቀረ አድርገው ያወራሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። በዚያ ቀን ሁለተኛ የነበረው ሼፊልድ ዩናይትድ 88 ነጥብ ነበረው፤ ሊድስ 82። ሊድስ ሁለቱንም ጨዋታ ቢያሸንፍና ሼፊልድ የመጨረሻውን ቢሸነፍ እንኳ ነጥባቸው እኩል ይሆናል፤ በግብ ክፍያ ደግሞ ሼፊልድ ከአሥር በላይ ይበልጥ ነበር። አቻ መውጣቱ የሼፊልድን ማደግ በይፋ አረጋገጠ እንጂ የሊድስ ዕድል ቀድሞም እንደ ክር የቀጠነ ነበር። እንግዲህ የተከፈለው ዋጋ ዝናው የሚያህል አይደለም። ይህ ግን ሥራውን አያረክሰውም። በጥቂቱ መመለስን ያልተለማመደ እጅ ብዙ በሆነ ጊዜ ከየት ያመጣዋል?

በዚያው የውድድር ዘመን ያው ሰው በሌላ ነገር ተከሶ ነበር። በጃንዋሪ 2019 ሊድስ ከደርቢ ካውንቲ ጋር ሊጫወት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሊድስ የተላከ ሰው በደርቢ የልምምድ ሜዳ አጠገብ ሲመለከት ተገኘ። ሊድስ በማግሥቱ 2 ለ 0 አሸነፈ። ቢዬልሳ ሰውየውን የላከው እርሱ መሆኑን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በዚያ ዓመት የገጠማቸውን ቡድኖች ሁሉ እንዲሁ እንዳስመለከተ ገለጠ። በጊዜው ይህን በስም የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ሊጉ የቀጣው ክለቦች እርስ በርሳቸው በፍጹም ቅንነት እንዲመላለሱ በሚያዘው ጠቅላላ ደንብ ነው። ቅጣቱ 200,000 ፓውንድ ነበር፤ ቢዬልሳ ከራሱ ገንዘብ ከፈለው። ከጨዋታ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት የተጋጣሚን ልምምድ መመልከት የሚከለክል ደንብ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

በሁለቱም ቦታ የተጻፈው ሕግ ዝም ብሏል። በአንዱ ስፍራ ሰውየው የሕጉን ዝምታ እንደ ፈቃድ ቈጠረው፤ በሌላው ስፍራ ሕጉ ዝም ቢልም እርሱ መለሰ። እንግዲህ ይህ ሰው ጻድቅ ነው ወይስ አታላይ? ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሰው በአንድ ቀን ሥራው ተጠቃልሎ አያልቅም። ይልቅስ ከሁለቱ ነገሮች ልዩነት አንድ ጠቃሚ ነገር እንማራለን። ግብ ይመለሳል፤ የታየ ነገር ግን አይመለስም። ዓይን ያየውን ምስጢር ለባለቤቱ መልሶ ማስረከብ አይቻልም። ገንዘብ መክፈል፣ በግልጥ መናገር ይቻላል፤ የደርቢ ልምምድ ግን እንዳልታየ ሊሆን አይችልም። ግቡም ቢሆን ሊመለስ የቻለው ጨዋታው ገና ስላላለቀ ነው። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፍቶ ቢሆን ኖሮ የቀረው ይቅርታና ጸጸት ብቻ በሆነ ነበር።

በዚያ ቀን ያልተመለሰ ነገርም አለ። በግርግሩ መካከል የሊድሱ ፓትሪክ ባምፎርድ እንደ ተመታ ሆኖ ወደቀ፤ ዳኛውም የቪላውን አንዋር ኤል ጋዚን በቀይ ካርድ አስወጣው። በምስል ሲታይ ግን ፊቱን የመታው አልነበረም። ሊድስ ግቡን ሲመልስ ቪላ በዐሥር ሰው ነበር የሚጫወተው። ቡድኑ የቡድኑን ዕዳ ከፈለ፤ የአንዱ ሰው ዕዳ ግን በቡድኑ ክፍያ ውስጥ አልተካተተም። ለዳኛው ሄዶ «አልመታኝም» ለማለት የሚችለው ባምፎርድ ብቻ ነበር። ኋላ ቀይ ካርዱ ተሰረዘ፤ ባምፎርድም ዳኛውን በማሳሳት ለሁለት ጨዋታ ታገደ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በመልካም ቡድን፣ በመልካም ቤተ ሰብ፣ በመልካም ጉባኤ ውስጥ መገኘት ለየራሳችን መልስ ከመስጠት አያድነንም።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? ኖርዊች ሲቲ በ94 ነጥብ አንደኛ ሆነ፤ ሼፊልድ በ89 ተከተለ። በ83 ነጥብ ሦስተኛ የወጣው ሊድስ በማጣሪያው ያገኘው ያንኑ ደርቢን ነው። በደርቢ ሜዳ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በመልስ ጨዋታው ግን በኤላንድ ሮድ 4 ለ 2 ተሸነፈና ቀረ። ግብ የተመለሰለት አስቶን ቪላ በዌምብሌይ ደርቢን 2 ለ 1 አሸንፎ አደገ፤ የመጀመሪያውን ግብ ያገባውም ኤል ጋዚ ነበር። በሴፕቴምበር 2019 ፊፋ የዓመቱን የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማት ለቢዬልሳና ለሊድስ ሰጠ፤ በ2020ም ሊድስ በ93 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ።

ከዚህ ተነሥቶ «መልካም ያደረገ ዋንጫ ያገኛል» ብሎ መስበክ ይቀላል። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ግቡን በመለሰበት ዓመት ሊድስ ቀርቷል። በሚቀጥለው ዓመት ያደገው ብዙ ጨዋታ ስላሸነፈ ነው። ሽልማቱም የመጣው ካሜራ ስለነበረ ነው፤ ካሜራ በሌለበት የሚመልሱ ብዙዎች ማንም አይሸልማቸውም። መመለስ ትክክል የሚሆነው ዋጋ ስለሚያስገኝ ከሆነ፣ ዋጋ በማያስገኝበት ቀን ትክክል መሆኑ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ንግድ ነው።

ወጣት ሆይ፣ የአንተም የአንቺም ኤላንድ ሮድ ብዙ ተመልካች የለበትም። ባለሱቁ ተሳስቶ መልስ አብዝቶ ሰጥቷል። መምህሩ ሲደምር ያልተሠራ ጥያቄ ላይ ነጥብ ጨምሯል። አለቃው ጓደኛህ የሠራውን ሥራ የአንተ መስሎት አመስግኖሃል። ማንም ፊሽካ አልነፋም፤ ደንብም አልተጣሰም። ልብ ግን ያውቃል። በክሊች ግብና በአዶማህ ግብ መካከል የነበረው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ባለሱቁ ሒሳቡን ሳይዘጋ፣ መምህሩ ውጤቱን ሳያስገባ፣ አለቃውም ከጓደኛህ ሳይገናኝ እንዲሁ ጥቂት ደቂቃ አለ።