እምቢተኛው ቪቴ

ሞተር ሳይክሉን ግቢው ውስጥ ራሱ የሚፈታ ሰው አንድ ቀን ከእምቢተኛ ቪቴ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። የሞተሩ ክዳን አሉሚኒየም ነው፤ ቪቴው ብረት። እርጥበት ሲገባባቸው ሁለቱ ተበላልተው ይጣበቃሉ። «አቤት ድርቅና!» እንልና መዶሻ እናነሳለን።

እኔን የሚገርመኝ ፍርዳችን ነው። የብዙ ጃፓን ሠራሽ ሞተር ሳይክሎች ባለ መስቀል ቪቴ የራሱ የጃፓን ስታንዳርድ አለው። ተራው ካቻቢቴ ልኩ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጠበቅ አድርገው ሲያዞሩት እየተንሸራተተ ይወጣና የቪቴውን ራስ ይልጠዋል። ያኔም ጥፋተኛው ቪቴው ነው!

በሰው ላይስ? «እልኸኛ» ያልነው ልጅ፣ «ደረቅ» ያልነው ሠራተኛ፣ ስንቱ ይሆን ባልሆነ ካቻቢቴ የተላጠው?

ታገሡ ስል እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ዝም ብለው የተዉት ቪቴ ይብሱን ይዝጋል። ትዕግሥት ሥራ ነው፦ ልኩን ካቻቢቴ መፈለግ፣ ዘይት አጠጥቶ ማሳደር፣ ቤንዚኑን አርቆ ክዳኑን ማሞቅ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ የያዘውን ይለቃል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም እምቢ የሚል አለ፤ እሱ በትራፓኖ ተሰርስሮ ይወጣል። ጉልበት ጨርሶ አይነካ አልልም። ጉልበት የሚፈቀደው ግን አስቀድሞ የገዛ መሣሪያውን ለመረመረ ሰው ነው። የተላጠ ቪቴ በጥቂት ብር ይተካል፤ የተላጠ ልጅ ምትክ የለውም።