የራሳችን አያ ጅቦ

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከወንዙ ራስጌ ሆኖ የሚጠጣው ጅብ ከግርጌ ያለችውን አህያ «ውሃውን አደፈረሽብኝ» አላት። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። አህያዋ ግን ክርክሩ እንደማያድናት ገብቷታልና ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው። ይህን ተረት ዘወትር የምንጠቅሰው ጉልበተኛን ለመውቀስ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ጅብ ነው፤ በየሰዉ ልብ ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ባለቤቱን ዕድሜ እያመካኘ የሚበላው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ያቋረጠውን ትምህርት በማታ ለመጨረስ ካሰበ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በመጀመሪያ «ሥራው ጊዜ አይሰጠኝም» ይል ነበር። ሥራው ሲቀልለት «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው» አለ። ሰፈሩ አጠገብ የማታ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ «ልጆቼ ትንሽ ከፍ ይበሉ» አለ። አሁን ልጆቹ አድገዋል። እሱም «ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ጋር ወንበር ልጋራ?» ይላል። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ብንመረምራቸው ውሸት አናገኝባቸውም። ሥራው በእርግጥ አድካሚ ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

እኔ እንደማስበው ምክንያትና ሰበብ የሚለዩት አንዱ እውነት ሌላው ሐሰት በመሆኑ አይደለም። ሰበብም እውነት ሊሆን ይችላል። የሚለዩት እንቅፋቱ ከመንገድ ሲነሣ ነው። ምክንያት ይዞት የቆመ ሰው እንቅፋቱ ሲነሣለት ጉዞውን ይቀጥላል፤ ወይም እንቅፋቱ የማይነሣ ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሰበብ ያስቀመጠው ሰው ግን አንዱ ሲነሣለት ሌላ ፈልጎ እዚያው ይቀመጣል።

የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ማራቶን ሊደርስ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀርቶ ቢሆን ማንም ባልወቀሰው ነበር። እሱ ግን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሩጫውን አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። ያን ጊዜ አበበ ሰበብ ፈጠረ የሚል የለም፤ የተጎዳ እግር ምክንያት ነው። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት መራመድ ተሳነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? ሆኖም በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በማግሥቱ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በተደረገ የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። እግሩ ሩጫን ከለከለው እንጂ ውድድርን አልከለከለውም።

ሰበብ ለምን ይጥመናል? ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ሰነፍ ያልሆኑ፣ ለሌላው ሰው ጉዳይ ከንጋት እስከ ማታ የሚሮጡ፣ ለራሳቸው ሐሳብ ሲሆን ግን የሚያመካኙ ብዙ ሰዎች አሉ። ከስንፍና ይልቅ ፍርሃት ይመስለኛል። ያልተጻፈ መጽሐፍ ስሕተት አይገኝበትም፤ ያልተፈተነ ተማሪ አይወድቅም። «ዕድሉን ባገኝ ኖሮ» እያለ የሚኖር ሰው ችሎታው ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቅ ተከብሮ ይኖራል። ሰበብ ከውርደት የሚከልል ጥሩ ጃንጥላ ነው። ክፋቱ ግን ፀሐዩንም አብሮ መከለሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የዕለት ጉርስ ያጣውን፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ የሚያስታምመውን ሰው «ሰበብ ታበዛለህ» ማለት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። ሸክም የሚከብደው ለተሸከመው ነው፤ ከዳር የቆመ ሰው ሊመዝነው አይችልም። ስለዚህ ይህ ሚዛን የሌላውን ሰው ኑሮ ለመመዘን አልተሠራም። ሰው ማታ ብቻውን ሲሆን ራሱን ቢመዝንበት ይበቃል።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ሰው የድሮ ምኞቱን መርምሮ «ይህን ነገር ዛሬ አልፈልገውም» ቢል ነውር የለበትም። እንዲያውም ይህን ደፍሮ የተናገረ ሰው ከብዙ ዓመት ዕዳ ይገላገላል፤ ጉልበቱንም ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ነውሩ አልፈልገውም ሳይሉ፣ አልጀምረውምም ሳይሉ፣ በሁለቱ መካከል መሸምገል ነው።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ያሳደሩት አንድ ጉዳይ አይጠፋዎትም። «ይህ ባይኖርብኝ ኖሮ» የሚሉት እንቅፋት ነገ ጠዋት ቢነሣልዎ፣ ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራሉ? መልሱን ለማንም መንገር አያስፈልግም።